ደጅ ያላደሩ ካርቶኖች

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ዓለምጌጥ መኳንንት
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ በማፈላለግ ላይ
አድራሻ፦ ካሮልተን፣ ቴክሳስ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር 214
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 10፡20
ቋንቋ፦ አማርኛ። ቃሉ በአስተርጓሚ ተሻገር አማካይነት ተጽፏል። ሰዓቱ በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በጎረቤታችን በሚስተር ሃርላን ላይ ስለደረሰው አደጋና ከበራቸው ላይ ስለተነሡት ሦስት ካርቶኖች የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሚስተር ሃርላን የሚኖሩት ከእኛ ቀጥሎ ባለው በቁጥር 215 ነው። ዕድሜያቸው 78 መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ከፖሊስ ነው። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ሆስፒታል ናቸው፤ ይትረፉ አይትረፉ ገና አልታወቀም። ካርቶኖቹን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ግዛቸው በሌላ ክፍል ቃሉን ሲሰጥ "እኔ ነኝ ያነሣሁት" ማለቱ ተነግሮኛል። ውሸቱን ነው። እኔን ለማዳን ብሎ ነው እንጂ እሱ የሰው ዕቃ በጣቱም አይነካም። ይህ ከሁሉ በፊት ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ከባለቤቴ ጋር በዲቪ ከደብረ ብርሃን የመጣነው ባለፈው ጁላይ ነው። ሁለት ወር ሪቻርድሰን፣ በባለቤቴ የአክስት ልጅ በማቲዎስ ቤት ተቀምጠን፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን ሊዝ፣ የኪራይ ውል ማለት ነው፣ ፈርመን አሁን ያለንበት አፓርትመንት ገባን። ግዛቸው ግራንድ ፕሬሪ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠራል፤ ሺፍቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። እኔ ሥራ እስካገኝ ቤት ነኝ፤ ቤት መዋል ደግሞ አልችልበትም። እግሬ አይቀመጥልኝም። አንዱን ሶፋ በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ቦታ አዙሬዋለሁ። ማቲዎስ ከቤቱ ስንወጣ መክሮናል፦ "ሊስን፣ እዚህ አገር ሳይጠሩህ የሰው በር አይንኳኳም። ቴክሳስ ነው፣ ሽጉጥ የሌለው የለም። ኮምፕሌይን ካደረጉባችሁ ደግሞ ሊዙን አያድሱላችሁም፣ ኦኬ?" እኛም እሺ ብለን ሰው ቤት በእንግድነት እንደሄዱ ልጆች ተሰብስበን ነበር የምንኖረው።

የገባን ዕለት ከምሽቱ 8 ሰዓት ገደማ አልጋችንን እየጎተትን ሳለ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከወዲያ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ወዲያው አቆምን። በማግስቱ ሚስተር ሃርላንን ከዘራቸውን ይዘው ደረጃው ላይ አገኘናቸው። ግዛቸው ስለ ጫጫታው ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው "ኖ ፕሮብሌም" አሉንና ሳቁ። ደግ ሰው መሆናቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ ወዲህ ያ ግድግዳ ሦስቴ ከተመታ "ቀንሱ" ማለት እንደሆነ አወቅን። ያወቅን መሰለን።

ዓርብ ኦክቶበር 10 ቀን፣ ከቀኑ 4 ሰዓት ገደማ፣ ግዛቸው ወንበር ላይ ቆሞ የመጋረጃውን ብረት በመዶሻ ሲመታ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። መምታቱን ተወ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ግዛቸው በሹክሹክታ "ቆምኩ እኮ!" አለ። እኔም በሹክሹክታ "ነገ ደግሞ በየተራ ተንፍሱ ሳይሉን አይቀሩም" አልኩት። ትራስ አፋችን ላይ ይዘን ሳቅን። መሳቃችንንም ተናግሬያለሁ፤ ይጻፍ።

የዚያኑ ዕለት 5፡30 ገደማ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ 215 በር ላይ አንድ ካርቶን ተቀምጦ አየሁ። ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ እኛ ግቢ፣ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ የሚያነሣው ያሰጣው ሰው ሳይሆን ቀድሞ ያየው ነው። የጎረቤት ዕቃ ደጅ ካደረ የሚታማው ባለዕቃው አይደለም፣ አይቶ ያለፈው ነው። ካርቶኑን ላነሣ ስል ግዛቸው ከበራችን ብቅ ብሎ "ተይው ዓለሜ፣ ካሜራ አለ፣ ፓኬጅ ሰረቁ ይሉናል" አለኝ። "ካሜራው ደግ ነገር አይቀዳም እንዴ?" ብዬው አስገባሁት። ከቤት ሲወጡ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ነው። በራቸውን ያላንኳኳሁት አንድም በማቲዎስ ምክር፣ አንድም ስለ መዶሻው ተቆጥተውናል ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ካርቶን ተጨምሮ አገኘሁና እነሱንም አስገብቼ ጠረጴዛችን ላይ ደረደርኳቸው። አንዱንም አልከፈትኩም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ገደማ አልጋ ሳነጥፍ ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ። ከዓርቡ ይልቅ ቀስ ያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር በገንኩ። "በስመ አብ! አንሶላም ይጮሃል እንዴ?" አልኩ። ግዛቸው "ሶ ምን እናድርግ? ዛሬን ቤቱን እንልቀቅላቸውና እስቲ ከተማውን እንየው" አለ። ከመጣን ጀምሮ ዳላስን የማውቀው ከመኪና መስኮት ነው። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ እጀታውን ይዤ ዘጋሁትና 10 ሰዓት ላይ ከካሮልተን ባቡር ተሳፈርን።

ያን ቀን ትልቅ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ እንዳለ አናውቅም ነበር። ባቡሩ ብርቱካንማና ቀይ ካናቴራ በለበሰ ሰው ጢም ብሎ፣ ኳሱም ዓመታዊው ባዛርም ያለበት ፌር ፓርክ ሲደርስ ሕዝቡ እኛንም ገፍቶ አወረደን። የኳሱም የባዛሩም ትኬት የለንም፤ በአጥሩ ዙሪያ ስንዞር ውለን ባዛሩ ውስጥ የቆመውን፣ ባርኔጣ ያደረገ ግዙፍ አሻንጉሊት በሽቦ አጮልቀን አየነው። ግዛቸው ደስ ብሎት ፎቶ ሲያነሣ እኔ ልቤ አላረፈም። "ሽማግሌውን ምን በድለናቸው ይሆን?" እለው ነበር። ሁለት ጊዜ "እንመለስ" ብዬዋለሁ። "ለሳቸው ብለን አይደል እንዴ የወጣነው?" አለኝ። ማታ 7 ሰዓት ተመለስን። ግድግዳው ዝም ብሎ ነበር። እፎይ አልን።

እሑድ ጠዋትም ዝም እንዳለ ነው። በማለዳ ወጥተን፣ ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ከዚያው በመኪናችን ፎርት ወርዝ ሄድን። ከቀኑ 4 ሰዓት ላይ ቀንዳቸው እንደ ክንድ የረዘመ በሬዎች በመንገድ ሲነዱ አየን፤ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። ግዛቸው "ስንት ዘመን ከብት ስነዳ ማን አጨበጨበልኝ?" ብሎ አሳቀኝ። እዚያ የተቆላ ለውዝ ሲሸጥ አይቼ አንድ ከረጢት ለሚስተር ሃርላን ገዛሁ። ማቲዎስ ያለውን ይበል፣ ጎረቤት ተኳርፎ አይኖርም፣ ዛሬ በራቸውን አንኳኩቼ እታረቃቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

5፡50 ገደማ ቤት ተመልሰን፣ ሦስቱን ካርቶኖች ግዛቸውን አሸክሜ፣ ለውዙን ይዤ 215ን አንኳኳሁ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኳሁ። መኪናቸው ታች ቆሟል። ጆሮዬን በሩ ላይ ስለጥፍ ከውስጥ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ጮኽኩ። ግዛቸው 911 ኮል አደረገ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው በሩን ሰበሩ።

ተከትዬ ገብቻለሁ፤ ውጪ ሲሉኝ አልወጣሁም። ሚስተር ሃርላን መታጠቢያ ቤት፣ ወለሉ ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከዘራቸው እጃቸው ላይ ነው። በከዘራው እጀታ ሲመቱት የነበረው ግድግዳ ቀለሙ ተልጦ ጎድጉዷል። ያ ግድግዳ ከእኛ አልጋ ራስጌ ጋር አንድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደወደቁና ዳሌያቸው እንደተሰበረ የነገሩን ሐኪሞቹ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጣሩ የነበሩት እኛን ነው።

ልጃቸው ከኦክላሆማ እየነዳች መጥታ ሆስፒታል አገኘናት። የምትለውን ግዛቸው እየተረጎመልኝ ሰማሁ። ለአባቷ ምግቡንም መድኃኒቱንም በፓኬጅ የምትልክላቸው እሷ ናት። ዓርብ ማታ ስልክ አላነሣ ሲሏት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የአፓርትመንቱ ቢሮ ደውላ "በራቸው ላይ ፓኬጅ አለ?" ብላ ጠየቀች። የአባትና የልጅ ምልክታቸው ይህ ነው፤ ፓኬጅ ደጅ ካደረ አባቷ ደህና አይደሉም ማለት ነው። የቢሮዋ ሴት ታች ቆማ ቀና ብላ አየችና "ምንም የለም፣ አስገብተዋል" አለቻት። ልጅቱም ስልካቸውን መሙላት ረስተው ይሆናል ብላ ተረጋጋች። ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ በራሴ አፍ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ካርቶኖቹን ለመስረቅ አስበሽ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አይደለም ብያለሁ። ባልሽ ረድቶሽ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ተይው ብሎኝ ነበር፣ እኔ አልሰማሁትም ብያለሁ። እሱን ብሰማው ኖሮ ካርቶኖቹ ደጅ ያድሩ ነበር፤ ደጅ ቢያድሩ ቅዳሜ ቀን በሩ ይሰበር ነበር። ጥፋት ካለ የእኔ ነው። ግዛቸው ወደ ሥራው ይመለስ።

ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ ያልኩት እንደሆነ፣ ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ልፈርም ስል ግን ያልተናገርኩት አንድ ነገር መቅረቱን አስታወቅሁ። መኰንኑ ለጉዳዩ አያስፈልግም አሉኝ። ካልተጻፈ አልፈርምም ስላልኩ የሚከተለው ተጨምሯል።

ዓርብ ዕለት ሚስተር ሃርላን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያንኳኩ፣ እንዳንረብሻቸው ብለን ሁለታችንም ጫማችንን አወለቅን።

የምስክር ፊርማ፦ ዓለምጌጥ መኳንንት
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ተሻገር
ቃሉን የተቀበለው መኰንን ፊርማ፦ (ተፈርሟል)