አምበሏ ስም ስትፈታ

ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቅርጫት ኳስ ክለብ ዕቃ ክፍል፣ የሴቶቹ ቡድን አምበል አዜብ ክለቡን ከሚለቁ ተጫዋቾች ማሊያ ላይ የስም ጨርቁን በምላጭ እየፈታች ነው፤ የቡድኑ አሰልጣኝ ጥላዬ ስልክ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

አዜብ፦ ኮች፣ ይሄ ማሊያ የማን እንደሆነ አይተውታል?

ጥላዬ፦ ሁሉም የማን የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብለሽ ፍቺ።

አዜብ፦ አንዱን ጎን ፈትቼዋለሁ። በውስጥ በኩል ገልብጬ ስለምሠራ ስሙን አላየሁትም ነበር። አሁን ሳዞረው አምስት ቁጥር ነው። የኤልሻዳይ።

ጥላዬ፦ እና?

አዜብ፦ እናማ ከሚሄዱት ክምር ላይ ምን ይሠራል?

ጥላዬ፦ ተሳስቶ ገብቶ ይሆናላ።

አዜብ፦ ክምሩን የለዩት እርስዎ ነዎት።

ጥላዬ፦ እኔም እኮ እሳሳታለሁ።

አዜብ፦ ማሊያ ሲለዩ ተሳስተው አያውቁም። ተጫዋች ሲለዩ ነው እንጂ።

ጥላዬ፦ ሳቂብኝ፣ ግድ የለም።

አዜብ፦ አልሳቅኩም።

ጥላዬ፦ እሱን ነው የምልሽ። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረሽ ቀድመሽ የምትስቂው አንቺ ነበርሽ።

አዜብ፦ የሃይማኖትን ማሊያ ፈትቻለሁ። የሁለቱን ተጠባባቂዎች ፈትቻለሁ። የኤልሻዳይን ግን ማንም አልነገረኝም።

ጥላዬ፦ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ ነበርኩ። ረጅሟን ልጅ፣ ቤዛዊትን፣ ስናስፈርም ከበጀታችን ላይ አንድ ውል ቀነሱብን። አሁን የቀረን አንድ ቦታ ነው።

አዜብ፦ ለማንና ለማን?

ጥላዬ፦ ለአንቺና ለእሷ። አንዳችሁ ትፈርማላችሁ፣ አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ የምትፈርመዋን ስም በስልክ ንገረኝ ብሎኛል። ይሄ ዝናብ ኔትወርኩን ይዞብኝ ነው እንጂ።

አዜብ፦ ስልኩን ሳይደውሉ ማሊያውን ክምር ላይ አደረጉት።

ጥላዬ፦ እጄ ቀደመኝ።

አዜብ፦ ከቤዛዊት እንጀምር። ለምን አመጧት?

ጥላዬ፦ ቁመቷን አላየሽም? ሃይማኖት ከሄደች ቅርጫቱ ሥር ማን ይቆማል?

አዜብ፦ መቆምስ ትቆማለች። ሐዋሳ ላይ የድሮ ክለቧን ስንገጥም በአጠገቧ አልፌ አገባሁ፤ አንገቷን ብቻ ነው ያዞረችው። የትራፊክ መብራት እንኳ ቀለም ይቀይራል።

ጥላዬ፦ ስቶ የሚመለሰውን ኳስ፣ ሪባውንዱን፣ ትይዛለች።

አዜብ፦ ኳሱ መጥቶ ሲመታት ትይዘዋለች።

ጥላዬ፦ እኔ አሠለጥናታለሁ።

አዜብ፦ ሃይማኖትን ቢያስቀሯት ኖሮ የሠለጠነች ነበረች።

ጥላዬ፦ እኔ መቼ ሂጂ አልኳት? እዚያ አዲሱ ክለቧ ጋ በሰርቪስ ከቤቷ ወስደው በሰርቪስ ይመልሷታል። እኛ ጋ ከልምምድ በኋላ የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው ላቧ የሚደርቀው። እኔ ብሆንም እሄዳለሁ።

አዜብ፦ አልፈረድኩባትም። በሬዲዮ የክረምቱ ትልቁ ዝውውር ሲሏት ሰማሁ። ደስ አለኝ። ማለቴ፣ ደስ ሊለኝ ይገባል ብዬ አሰብኩ።

ጥላዬ፦ እና አልደወልሽላትም?

አዜብ፦ ደውዬ ምን እላለሁ? ስሟን ስፈታ ግን ጨርቁ እንዳይቀደድ ተጠንቅቄያለሁ።

ጥላዬ፦ እስቲ አሁን እንደ አምበል ንገሪኝ። ጓደኝነቱን ተይውና። ኤልሻዳይ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆናለች። ዓመቱን በሙሉ ወንበር ላይ ነበረች። በእኔ ቦታ ብትሆኚ ውል ትሰጫታለሽ?

አዜብ፦ ሐኪሙ ፈቅዶላታል። በየጠዋቱ የስታዲየሙን ደረጃ ትሮጣለች።

ጥላዬ፦ ደረጃ ማንንም ገፍቶ አያውቅም። ሰው ሲገፋት ነው የሚታየው።

አዜብ፦ እኔ ገፍቻታለሁ።

ጥላዬ፦ መቼ?

አዜብ፦ እርስዎ በሌሉበት፣ ለብቻችን ስንለማመድ። መውደቅ እየፈራች እንድትጫወት አልፈለግኩም። ወደ ቅርጫቱ ስትነሳ በትከሻዬ ገጨኋት፤ ወደቀች።

ጥላዬ፦ አንቺ ሴትዮ፣ የተሰፋ ጉልበት ላይ?

አዜብ፦ ተነሳች። ሰደበችኝ። ከዚያ ኳሱን ቀማችኝና አገባችው።

ጥላዬ፦ ምን ብላ ሰደበችሽ?

አዜብ፦ አሮጊት።

ጥላዬ፦ በዚህ ስድቧስ ቡድን ውስጥ ሳይሆን ችሎት ፊት ነው የምትቀርበው።

አዜብ፦ እውነቷን ነው። ከኋላዬ ስትሮጥ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ከዚያ ከፊቴ ናት። መሃል ላይ የሚሆነውን አላየውም።

ጥላዬ፦ ስሚኝ። አንቺን ስይዝ ምን እንደማገኝ አውቃለሁ።

አዜብ፦ ያለፈውን ዓመት ያገኛሉ።

ጥላዬ፦ ያለፈው ዓመት ምን አለው? ሁለተኛ ወጣን።

አዜብ፦ አንደኛ ልንወጣ ነበር። ነጻ ውርወራው የእኔ ነበር።

ጥላዬ፦ አሁን እሱን ምን አመጣው? ማንም ሰው ይስታል።

አዜብ፦ ኳሱ ከእጄ ሲወጣ ምን እያሰብኩ እንደነበር ነግሬዎት አላውቅም።

ጥላዬ፦ ምን ታስቢያለሽ፣ ይገባ ይሆን ነው።

አዜብ፦ ጠዋት ልብስ አስጥቼ ነበር የወጣሁት። ሜዳው ክፍት ስለሆነ ደመናው ከቅርጫቱ በላይ ይታየኛል። አከራዬ አስገብታልኝ ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነበር። ሰው ሲጮህ ኳሱ እንደሳተ አወቅኩ። ከዚያም እንደገና ስለ ልብሱ አሰብኩ።

ጥላዬ፦ ጭንቀት ነው። ሰው በጣም ሲጨነቅ ሐሳቡ ወደማይሆን ነገር ይሸሻል።

አዜብ፦ ብጨነቅማ ጥሩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያልተጫወተችው ኤልሻዳይ ያን ቀን ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ውሃ ጠጣሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ከፍጻሜው ጨዋታ የማስታውሰው እሱን ነው።

ጥላዬ፦ ክረምቱን እረፊ። መስከረም ላይ ይመለሳል።

አዜብ፦ ምኑ?

ጥላዬ፦ ስሜቱ ነዋ።

አዜብ፦ ባለፈው ክረምትም እንዲሁ ብለውኛል።

ጥላዬ፦ ...ልብስሽስ?

አዜብ፦ ርሷል።

ጥላዬ፦ እኔ በግልጽ ልንገርሽ። አዲሱ ውድድር መጀመሪያ ላይ ከተሸነፍን እኔንም አያቆዩኝም። አንድ ጉልበት ላይ ሥራዬን መጣል አልችልም። አንቺ ሜዳ ላይ ስትሆኚ ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አዜብ፦ ስለዚህ ስለ እኔ አይደለም የምናወራው።

ጥላዬ፦ ስለ ሁለታችንም ነው።

አዜብ፦ ስለ እርስዎ እንቅልፍ ነው።

ጥላዬ፦ ይሁን። ስለ እንቅልፌም ነው። ሰው አይደለሁም?

አዜብ፦ ለእሷ ነግረዋታል?

ጥላዬ፦ መልእክት ልካልኛለች። ኮች፣ እኔ አለሁ ወይ ብላ። ከትናንት ወዲያ ነው። አልመለስኩላትም።

አዜብ፦ እኔን አልጠየቀችኝም። ምላጩን የምይዘው እኔ መሆኔን ስለምታውቅ ይሆናል።

ጥላዬ፦ ይሄ ክለብ ውስጥ ስም የሚፈታው አምበል ነው። እኔ ያመጣሁት ደንብ አይደለም።

አዜብ፦ ደንቡን አውቀዋለሁ። አብሯት የተጫወተች ትፍታው፤ ጨርቁንም በእጇ ለባለቤቷ ትስጥ ነው የሚለው። ማን እንደምትሄድ ሳይነገራት ትፍታው አይልም።

ጥላዬ፦ ልነግርሽ ነበር።

አዜብ፦ ከፈታሁት በኋላ።

ጥላዬ፦ ከፈታሽው በኋላ ይቀለኛል ብዬ ነው። ለእኔም ለአንቺም። አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ እንግዲህ ምን ይደረጋል ትዪኛለሽ ብዬ።

አዜብ፦ ልልዎት እችል ነበር። ዘንድሮ ለሁሉም ነገር የምለው እሱን ነው።

ጥላዬ፦ ያንቺን ማሊያ እዪው፣ እዚያ ሚስማሩ ላይ። የሌሎቹ ስም በየጨዋታው ይላቀቃል፤ ያንቺ አንድ ቀን እንኳ ጫፉ አልተነሳም። እንደዚያ ነሽ ለእኔ።

አዜብ፦ ልብስ ሰፊው የሰፋው ተበጥሶ በእጄ ስለሰፋሁት ነው። ዙሪያውን በአንድ ረጅም ክር ነው የያዝኩት። ጠንካራ ይመስላል እንጂ ቋጠሮውን ለፈታው ሰው አንዴ ሲስበው ሙሉው ይወጣል።

ጥላዬ፦ ማን ይስበዋል? ...ቆይ፣ ቆይ። ኔትወርክ መጣ።

አዜብ፦ ይደውሉ። እኔ ይሄን ልጨርሰው።

ጥላዬ፦ ትጨርሽዋለሽ?

አዜብ፦ ግማሽ ላይ ትቼ አልሄድም። መርፌውን ያቀብሉኝ፤ መጋረጃው ላይ ተሰክቷል።

ጥላዬ፦ እንኪ። መርፌ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?

አዜብ፦ ምላጩ ጨርቁን ይቀደዋል።

ጥላዬ፦ መስመሩ ተይዟል። ሁልጊዜ ያወራል ይሄ ሰውዬ። ...አዜብ፣ ቅር እንዳይልሽ። ከእሷ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ገና ልጅ ናት፤ ሌላ ክለብ ታገኛለች።

አዜብ፦ ጉልበቷን የተሰፋች ልጅ ማን ይወስዳል? እርስዎ እንኳን አልወሰዷትም።

ጥላዬ፦ ዝናቡ ጋብ እያለ ነው። እዚህ በር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከዚህ ከተነቃነቅኩ ይጠፋል። ...መስከረም ላይ አንቺና ቤዛዊት ለብቻችሁ ትለማመዳላችሁ። ኳሱን እንዴት እንደምታቀብያት እናያለን።

አዜብ፦ እኔና ቤዛዊት አንሆንም።

ጥላዬ፦ ለምን አትሆኑም?

አዜብ፦ እኔ ኳስ ዝቅ አድርጌ፣ መሬት አንጥሬ ነው የማቀብለው። ሃይማኖት ታጎነብስ ነበር። ቤዛዊት አታጎነብስም። ከጭንቅላቷ በላይ የሚያደርስላት ሰው ነው የምትፈልገው። ኤልሻዳይ እንደዚያ ነው የምታቀብለው። ስንት ጊዜ ጮኸውባታል፣ ለማን ነው የምትወረውሪው፣ ለጣሪያው ነው ወይ እያሉ።

ጥላዬ፦ ይሄን ቤዛዊትን ሳላስፈርም አትነግሪኝም ነበር?

አዜብ፦ አልጠየቁኝም። ቤዛዊት ጥሩ ግዢ ናት ኮች። ለእኔ ቡድን ነው መጥፎ የሆነችው።

ጥላዬ፦ እየጠራ ነው። ...አያነሳም። አሁን ደግሞ አያነሳም። እና ምን አድርግ ነው የምትይኝ?

አዜብ፦ ምንም። የአምበል ሥራ መፍታት ነው ብለዋል።

ጥላዬ፦ አንቺስ ብትሄጂ ምን ትሠሪያለሽ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

አዜብ፦ እህቴ ሱቅ አላት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ። አምፖል ለገዢ እየሰኩ ማሳየት ነው። በርቷል፣ አልበራም።

ጥላዬ፦ ትችይዋለሽ?

አዜብ፦ አላውቅም። መብራቱን አያለሁ፣ ሰውየውም ያያል። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የምናየው። ጥሩ ይመስለኛል።

ጥላዬ፦ ተይ እባክሽ፣ ሳትሄጂ አታስናፍቂኝ። ...ጨረስሽ?

አዜብ፦ ጨረስኩ። ይዩት።

ጥላዬ፦ ይሄ... ይሄ ተሰፍቷል እኮ።

አዜብ፦ የፈታሁትን ጎን መልሼ ሰፋሁት። ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ከሩቅ አይታይም። ከሚቀሩት ጋር አድርጌዋለሁ።

ጥላዬ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ክር የለም። ክሩን ከየት አመጣሽው?

አዜብ፦ ከአስራ አንድ ቁጥር።

ጥላዬ፦ አዜብ።

አዜብ፦ ቋጠሮውን ስፈታው ሳይበጠስ ወጣ።

ጥላዬ፦ እሱ ያንቺ ማሊያ ነው።

አዜብ፦ ነበር። አጣጥፌ ከሚሄዱት ጋር፣ ከሃይማኖት ማሊያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ጥላዬ፦ ቢያንስ ምን ተሰማሽ?

አዜብ፦ መጨረሻ ላይ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እሱ ተሰማኝ።

ጥላዬ፦ አሳዪኝ።

አዜብ፦ ትንሽ ናት። ደርቃለች።

ጥላዬ፦ ደንቡ ደግሞ አለ። ጨርቁን አምበሏ በእጇ ለባለቤቷ...

አዜብ፦ ሰጥቻታለሁ። ኪሷ ውስጥ ነው፤ ኪሴ ውስጥ።

ጥላዬ፦ ...ስልኩ እየጠራ ነው። ራሱ ደወለ።

አዜብ፦ ያንሱታ። ምላጩን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያው ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ የሚቀጥለዋን አምበል እንዳይቆርጣት።