ስለ መጋረጃና ስለ ፌስቡክ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር የተከራከርነው

ሳር ቤት መስኮት ልለካ ሄጄ ባዶ እጄን ስመለስ ሜክሲኮ ላይ ዝናብ ያዘኝ። የቤቱ ባለቤት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ለሌላ ሰው ሰጠነው። ፌስቡክ ላይ ያየናት ሴትዮ ናት፤ ሱቋ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው» አለችኝ። በእኛ ብሎክ ሥር መጋረጃ የምንሰፋው ሁለት ነን፤ እኔና ፊት ለፊቴ ያለችው ቢልቂስ። እኔ ፌስቡክ ላይ ሰው አያለሁ እንጂ ሥራዬን አላወጣም። ስሟን ለመጠየቅ አልደከምኩም፤ አንጀቴ ነግሮኛል።

የናሙና ጨርቆቼን በፌስታል ጠቅልዬ የልደታን ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ፣ «እትዬ ማናለብሽ፣ ጥላው ውስጥ ይግቡ» አለችኝ። ዞር ብል የቢልቂስ ልጅ ራኒያ! እዚያው ሜክሲኮ ኮሌጅ ማርኬቲንግ ትማራለች። እግዜር ሰውን ሲፈትን እንዲህ ነው። ጨርቁ እንዳይረጥብብኝ ብዬ ገባሁ።

«ከየት ነው እትዬ?»

«ከሥራ።»

«ሥራ እንዴት ነው?»

«እናትሽን ጠይቂያት።»

ልጅቱ ጥላዋን አስተካከለች። እኔ ግን ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አብነት ሰፈር ሳለሁ የስንት ሙሽራ ቤት ስጋርድ እናትሽ የሕፃን ልብስ ነበር የምትቸረችረው። ዛሬም እጥፋት እኩል አታወጣም። ሰው ምን ታይቶት ነው ወደሷ የሚሮጠው?»

«የእርስዎ እጅ እንደሚበልጥ እማም ታውቃለች።»

«ታውቃለች?»

«ማናለብሽ የሰፋችውን መጋረጃ ንፋስም ሲነካው አፍሮ ነው ትላለች።»

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «ታዲያ ለኔ ለምን አትነግረኝም?»

«ሰላምታዋን ስለማይመልሱላት ነዋ!»

ይህን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት። «ስሚ፣ እኛ ራሱን የሚያመሰግን ሰው ነውረኛ ነው ተብለን ያደግን ነን። ሥራዬ ጥሩ ከሆነ ምን ያስለፈልፈኛል? ዝም አይነቅዝም።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ተብሏል እኮ።»

«ይሄን ነው ኮሌጅ የሚያስተምሩሽ?»

«አያቴ ናቸው ያስተማሩኝ።»

ከኋላችን የቆመው ሰውዬ ሳቀ። ገላመጥኩት።

«እትዬ፣ ልጠይቅዎት። በጣም የሚወዱትን መጋረጃ ሱቅዎ ውስጥ የት ነው የሚሰቅሉት?»

«ከኋላ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ።»

«ለምን?»

«ለምን ይባላል እንዴ? የሰው ዓይን አለ፤ አይቶ የሚቀዳ አለ። ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው የሰው ዓይንም አላየው፣ ገዢም አላየው» አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው፣ እሱ ነው የባሰው። ታክሲው ሲመጣ ተጋፍቼ ገባሁና እሷን ከነጥላዋ ትቻት ሄድኩ።

ሱቄ ስደርስ ትርንጎ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ቁጭ ብላለች። ትርንጎ ከአብነት ጀምሮ አብራኝ ያለች ሰፊዬ ናት። ሜትር ሳትዘረጋ በዓይኗ ብቻ እጥፋት ታወጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ሥራ ሳይኖር እየመጣሁ መዋሉ ከበደኝ። ወይዘሮ ቢልቂስ ነይ ብለውኛል። ከግንቦት ልደታ በኋላ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ።»

ቢልቂስ ገበያዬን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ እጄን ልትቆርጥ! ትርንጎ ከሄደች እኔ ምን ነኝ? መስኮት የምትለካ አሮጊት ነኝ። «ቆይ፣ ፌስቡክ ከሆነ ነገሩ እኔም አላንስም» አልኳት።

ሰው ለማየት የከፈትኩት ፌስቡክ ስልኬ ላይ ነበር። ተቀምጬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ለተከበራችሁ የመጋረጃ ተጠቃሚዎች በሙሉ። ድርጅታችን ጥራት ያለው መጋረጃ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሰፋ ስለሆነ በአካል ቀርባችሁ እንድትስተናገዱ በአክብሮት እናስታውቃለን።» አሳምሬ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ላይክ ያደረገችው ትርንጎ ብቻ ናት፤ እሷም ሰው ስለምታከብር ነው።

በዚያው ቀን ቢልቂስ ምን ጻፈች? «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ፊታችሁን መትታ የምትቀሰቅሳችሁ እጅ አውጡ!» አለች። እጅ አውጡ! ትምህርት ቤት ነው እንዴ? ሰው ግን ተንጋጋ። አንዱ «እኔ»፣ ሌላው «እኔም፣ በተለይ እሑድ»፣ ሌላዋ «ባሌ ነው እንጂ ፀሐይማ ምን አደረገችኝ» ትላለች። ቢልቂስ ደግሞ ለእያንዳንዱ እየመለሰች ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን ላወጣ ነበር። የኔ መኝታ ቤት መጋረጃ የለውም፤ ለራሴ መቼ ሰፍቼ አውቃለሁ።

ቅናት እንደ ቃር ነው፤ ወደ ላይ ካልወጣ ዕረፍት አይሰጥም። ከቢልቂስ ገጽ የአንድ ወተት ቀለም መጋረጃ ፎቶ ወሰድኩና ከሥሩ፣ «አንዳንዱ አንሶላ ቀዶ መጋረጃ ነው ይላል። ልደታ ኮንዶሚኒየም መጥታችሁ ፊት ለፊቴ ያለችውን እዩና ፍረዱ» ብዬ ለቀቅኩት።

ጉድ ፈላ! «እትዬ ይለይላቸው!» «ፈንዲሻ ይዤ መጣሁ።» «ጀለሴ፣ ይቺ ማዘር አራዳ ናት!» ስልኬ ሲንጫጫ ዋለ። ቢልቂስን በለጥኳት። ያን ቀን ምሳ እንኳ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ ሰው መጣ፤ ምኑን መጣ ልበል። ጎረምሶች የኔንም የሷንም ሱቅ በስልክ እየቀረጹ ተሳስቀው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ደህና ሴት ከባሏ ጋር መጥታ በሬ ላይ ቆመች። «ተሳዳቢዋ የትኛዋ ናት?» ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቀው ሰማሁ። ባልየው በአገጩ እኔን አሳያት። «በል ና፣ ወደዚያኛዋ እንሂድ። መጋረጃ ሰፊ እኮ መኝታ ቤትህ ድረስ የሚገባ ሰው ነው። መስኮት ስትለካ ያየችውን ነገ ፌስቡክ ላይ ብታወጣውስ?» አለችና ባሏን ይዛ ወደ ቢልቂስ ተሻገረች።

ይህ ሳያንስ ትርንጎ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄን አንሶላ ያሉትን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እዚህ ሥራ ሲጠፋ እሑድ እሑድ ቤቴ እሰፋላቸው ነበር። ልነግርዎ ፈርቼ ነው።» ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ እሱን ብታሳየኝ በቀለለኝ። «ከግንቦት ልደታ በኋላ ያልኩት ይቅር። ከነገ ጀምሮ አልመጣም።» መቀሷን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች።

እኔ ግትር ነኝ፤ እናቴም ግትር ነበረች። ግን ባዶ ወንበሯን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ግቢውን ተሻግሬ የቢልቂስ ሱቅ ገባሁ። ራኒያም ነበረች።

ቢልቂስ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «አንሶላ ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

«ለጠብ አልመጣሁም።»

«ጠቡንማ በአደባባይ ጨርሰሽዋል። ተቀመጪ እስቲ፤ ቆመሽ ደግሞ ልታስረዝሚብኝ ነው።»

ተቀመጥኩ። ፊቴን ወደ ልጅቱ አዙሬ፣ «አስረጂኝ፤ እናትሽን አልጠይቅም። ከእናትሽ ይልቅ የኔን ብዙ ሰው አይቶታል። ለምንድን ነው ታዲያ አንድም ሰው ከኔ ያልገዛ?» አልኳት።

«እትዬ፣ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲደባደብም ሕዝብ ይሰበሰባል። ከተደባዳቢው ላይ ግን ዕቃ የሚገዛ የለም።»

«እሺ፣ የመጀመሪያውስ? እሱ ስድብ የለበትም።»

«እሱማ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው። ለሁሉም ሰው ስለጻፉት ለማንም አልሆነም። እማ ለማን ነው የጻፈችው?»

«ፀሐይ ለምትቀሰቅሰው።»

«አዩ! አንድ ሰው፣ አንድ ችግር። ያ ሰው ገጹን ሽው ሲያደርግ ‹እኔን ነው› ብሎ ይቆማል። ከዚያ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ሲመልስልዎ እርስዎም ይመልሱለታል። እንግዳ ቤትዎ ገብቶ ሰላም ሲል ዝም ይሉታል?»

«እኔን ዝም ትለኛለች» አለች ቢልቂስ።

የሷን አልመለስኩም። «እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ምን አውቄ እጽፋለሁ?»

«መጋረጃ የሚያሰራ ሰው ምን ሲያደርግ ነው የሚያናድድዎት?»

«ኧረ ስንቱ! መስኮቴ ሁለት ሜትር ነው ብሎ ሁለት ሜትር ጨርቅ ገዝቶ ይመጣል። ሞኝ! ጨርቁ ከመስኮቱ እጥፍ ካልሆነ መጋረጃው ሲዘጋ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ሌላው ደግሞ ጨርቁን ውኃ ሳያስነካ ያሰፋና ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ መጋረጃው እንደ አጭር ሱሪ ቁርጭምጭሚቱን ሲያሳይ ሰፊዋን ይሰድባል። ሰፊዋ ምን ታድርግ? አስቀድመህ እጠበው!»

ስጨርስ ራኒያ ስልኳን አዞረችልኝ። ያልኩትን ሁሉ እየጻፈች ነበር። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጨምራለች፦ «የእናንተስ መጋረጃ ከታጠበ በኋላ አጥሯል? ፎቶውን ላኩልኝ፤ መላ ካለው እነግራችኋለሁ።»

«ይኸው፣ ጽፈውታል» አለችኝ።

«ይሄ ወሬ እኮ ነው።»

«ይሄ እውቀት ነው። ራስዎን አላመሰገኑም፤ ሰው ጠቀሙ። የተጠቀመ ሰው ማን እንዳስተማረው አይረሳም።»

ስልኩን ተቀብዬ እንደገና አነበብኩት። ቢልቂስም ልብ ብላ ፈገግ አለች፤ ያቺን ፈገግታዋን ዛሬም አልወድላትም።

እዚያው ያን ክፉ ጽሑፍ አጠፋሁት። ከዚያ ሱቄ ተመለስኩና ከመደርደሪያው ጀርባ በጣም የምወደውን የቡና ቀለም መጋረጃ አውጥቼ መንገድ ዳር ሰቀልኩት፤ ራኒያ ፎቶ አነሳችውና ከጻፈችልኝ ጋር በኔ ገጽ ላይ አወጣችው። ቀጥዬ በራሴ ጣት ጨመርኩ፦ «ይህን መጋረጃ የሰፋችው ትርንጎ ናት። ባለፈው አንሶላ ያልኩትም የሷ ሥራ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እንደሷ እጥፋት የሚያወጣ እጅ አላየሁም።» ይህን ስጽፍ ላብ አጠመቀኝ። ለስድቡ ግን ጠብታ አልወጣኝም ነበር።

ፎቶ ይጎርፍ ጀመር። ያጠረ መጋረጃ፣ የተወጠረ መጋረጃ፣ አንዱማ የአልጋ ልብስ በሚስማር መትቶ «መላ አለው?» ይለኛል። «ሚስማሩን ንቀል፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን ሱቄ ድረስ መጥቶ የሁለት ክፍል መጋረጃ አዘዘ።

ትርንጎ ጠዋት ከነመቀሷ መጣች። ጽሑፉን አይታዋለች። ሻርፗን እየፈታች፣ «ስሜን ከነአባቴ ቢጽፉት ምን ነበረበት? ልደታ ውስጥ ስንት ትርንጎ አለ» አለችኝ። «እሑድ ግን የወይዘሮ ቢልቂስን አልተውም።» ዋጥ አድርጌ እሺ አልኩ። እሑድ የሷ ነው፤ የኔ አይደለም።

እህቶቼ፣ በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ ሁሉ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሙያ መደርደሪያ ጀርባ ተሸሽጎ አይሸጥም። ስትጽፉ እንደ ቀበሌ አትጻፉ፤ ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ ሲያናድዳችሁ እንደምታወሩት ጻፉ። የምታውቁትን ስጡ፣ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁን ሰው መልሱለት፣ የሠራውን እጅ በስሙ ጥሩት። በስድብ የመጣ ሰው ስቆ ይሄዳል፤ በቁም ነገር የመጣ ግን ቤቱን ከፍቶ ያስገባችኋል። ከዚህ ያገኘሁት ጥቅም ትርንጎ ወንበሯ ላይ መሆኗ ነው፤ ሳር ቤት ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን አለመመለሴ ነው።

ቅናቱስ ለቀቀሽ ወይ የምትለኝ ካለች፣ አለቀቀኝም። ትናንት ቢልቂስ ስለ ሻሽ መጋረጃ አስተጣጠብ ጻፈችና ከኔ ይልቅ ብዙ ሰው አየላት። የጻፈችው ደግሞ ትክክል ነው። ስልኬን አንስቼ ብዙ አሰብኩና ከሥሩ፣ «በሙቅ ውኃ እንዳታጥቡት የሚለውንም ጨምሪበት» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው፣ «አመሰግናለሁ ማናለብሽ» ብላ መለሰችልኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት።

ዛሬ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ሰላም አለችኝ። መለስኩላት።