የቡችላው ሁዳዴ

በሁዳዴ ጾም፣ ከአራት ኪሎ ወደ አራዳ በምትሄድ ሰይቼንቶ ታክሲ ውስጥ፣ አንዲት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡ ለማታውቃቸው ሽማግሌ ስለ ቡችላዋ ስታወራ ሰማሁ።

«እግሩ ተወላገደ፣ ጋሼ። ሲያየኝ ጭራውን ይቆላል፣ መነሳት ግን አቃተው።»

«ምን ትሰጪዋለሽ?»

«የእኛኑ ትራፊ ነዋ፤ እንጀራ በሽሮ።»

«በሽሮ ብቻ የቡችላ አጥንት አይጠናም፣ ልጄ። የፈረንጅ ወጥቤት ነበርኩ፤ ስንቱን ቡችላቸውን አሳድጌያለሁ። አጥንት ቀቅለሽ በመረቁ የገብስ ገንፎ አገንፊለት። ዋጋው ርካሽ ነው።»

«በሁዳዴ አጥንት ከየት ይመጣል? ልኳንዳው ሁሉ ዝግ ነው።»

«የእስላሞቹ ክፍት ነው።»

«ውይ! የክርስቲያን ቤት ውሻ እኮ ነው!»

«መቼ ተጠመቀ?»

ሾፌሩ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

«እኔስ በሰጠሁት ነበር። ባሌ ነው የእስላም ሥጋ ደጄን አይረግጥም ያለው።»

«ወተትስ?»

«እሱም በጾም ቤቴ አይገባም ብሏል።»

«እንግዲያው ለፋሲካ አይደርስም፣ ልጄ።»

«የአምናውም ቡችላ አልደረሰም፣ ጋሼ።»

ታክሲዋ በጊዮርጊስ ደጅ ስታልፍ ሦስቱም አማተቡ፣ እዚያ ስደርስ ሁሌ የሚያማትበው የእኔ እጅ ግን ከጭኔ ላይ አልተነሳም።