ልኳ የሆነው ወንበር

የእህቴን ልጅ ከአዲ አርቃይ አምጥቼ ጎንደር እኔ ዘንድ አስቀምጫታለሁ። ያን ቀን ሊያጯት ሽማግሌዎች ይመጣሉና የምትለብሰውን ጨርቅ ልንገዛ አራዳ ገበያ ወጣን። ጣልያን በሠራው አዲስ መሥሪያ ቤት በኩል ስናልፍ ልጅቱ ከትልቁ የመስተዋት መስኮት ፊት ቀጥ አለች። ለካ ሙሉ ቁመናዋን አይታ አታውቅም። ከመስተዋቱ ወዲያ ባዶ ወንበርና የጽሕፈት መኪና ይታያል። መልኳ ወንበሩ ላይ እንዲያርፍላት ወደ ቀኝ ትላለች፣ ወደ ግራ ትላለች፤ ኋላ ጉልበቷን አጠፍ፣ ጣቶቿን ዘርጋ አድርጋ፣ “አክስቴ፣ ተቀመጥሁ” አለችኝ።

“የራሳችንን ፊደል ሳትቆጥሪ የጣልያኑን ልትመቺ?”

“የኛን አንቺ ታስቆጥሪኛለሽ፤ የነሱን እሰርቃቸዋለሁ።”

ብቻዬን የለቀምሁትን ፊደል ለሷ ነፍጌ መክረሜ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ እኔም ሞከርሁት፤ ሸጋ ወንበር ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መጣና “ምነው፣ ምን ጠፋባችሁ?” አለን።

“ወንበር” አልሁት። ጨርቁን ረስተን እየተንከተከትን ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመዋል።

“አያ፣ አትድከሙ” አልሁት አንጋፋውን፣ “ልጅቱ ሥራ ልትገባ ነው።”

“የምን ሥራ?”

“የጽሕፈት። ፊደሉ ይቀራታል እንጂ ወንበሩስ ልኳ ነው።”