ለልዩ ደንበኛ የተዘጋጀ ሶፋ

ብነግርህ አታምነኝም። እናቴ ትሙት ብዬ እንዳልምልልህ ደግሞ ወሬው ውስጥ እሷም አለችበት፤ ከሞተች ማን ይመሰክርልኛል? እንዲያው በዚህ በምላጭህ ልማል። ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው፤ ከዋሸሁ ሳብ አድርገው።

ቆይ ግን፣ ሳሙናው ዛሬ ደህና አረፋ አለው። ቀይረኸዋል እንዴ? ሰው ፀጉር ቤት የሚመጣው ለፀጉሩ ብቻ ነው ያለው ማነው? ይኸው እኔ አናቴ ላይ የቀረው ከቅንድቤ ያነሰ ሆኖም አንተ ጋ መምጣት አልተውኩም። ወንበርህ ይሽከረከራል፣ ወሬ አይጠፋም፣ ወረፋው እንደሆነ ለሁሉም እኩል ነው። እዚያ ጥግ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው የተቀመጡት ጌታ እንኳ እንደማንኛችንም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ደስ አይልም? ያ ገጽ ግን ምን ቢጥም ነው… እኔ ከገባሁ ጀምሮ አልገለጡትም።

የማወራልህ ስለ እሳቸው እንዳይመስልህ። እሳቸውማ እህቴን ያገቡ፣ የተከበሩ አማቼ ናቸው። ስለ አማቹ ሰው ፊት የሚያወራ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? እኔ የምልህ ስለ ሌላ ሰው ነው። አጋጣሚ ሆኖ የሱም ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። አጋጣሚ ሆኖ እሷም ወንድም አላት፤ መልከ መልካም ነው ይባላል።

ይሄ ሰውዬ መቼም… ክብር የሚያውቅ ሰው ነው። እኔና አንተ ባንክ ስንሄድ ምንድን ነን? ተሰላፊ። ከፊታችን የቆመውን ሰው ማጅራት ስናጠና እንውላለን። እሱ ግን ልዩ ደንበኛ ነው። የመስታወት በር ይከፈትለታል። ውስጥ አንድ ሶፋ አለ፣ ሲቀመጡበት ይውጣል አሉ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ተቀምጦበት ቢፈለግ ታጥቶ፣ በማግስቱ ጠራጊዋ ናት በመጥረጊያ እንጨት ፈልጋ ያወጣችው። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ብርጭቆው በሰሃን። ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ» የምትል ልጅ አለች። ምን ያድርግ፣ ቤቱ ውስጥ እንዲህ የሚለው አልተገኘ።

ለዚህ ሁሉ ታዲያ ባንኩ በየወሩ ከሂሳቡ ላይ ቆንጠር ያደርጋል። ትንሽ ነው። አይጥስ ብትሆን ከጆንያው የምትወስደው ስንት ነው? እንደ አይጧም በድብቅ አይደለም፤ በጨዋ ደንብ መልእክት ይልኩለታል። ስልኩ ጢን ሲል ሰው ፊት ያነበዋል፣ ግንባሩን ኮስተር ያደርግና «ባንኩ ነው» ይላል። እኛም «ውይ፣ ባንኩ» እንላለን። ገንዘቡ ሲወሰድበት እንዲህ የሚኮራ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ብሆን አለቅስ ነበር፤ ያው እኔ አልተማርኩም።

ገንዘቡ የማን ነው ትለኛለህ? እንዲህ ያለውን ባትጠይቀኝ ጥሩ ነበር። የሚስቱ ነው ብዬ ሰው ላሳዝን? ሲጋቡ አንድ ላይ ይቀመጥ ተባባሉና የስፌቷ ገንዘብ እዚያ ገባ። እሷ የምትሰፋው በኪራይ የስፌት መኪና ነው። መቀመጫዋ ግን የራሷ ነው፤ የተገለበጠ የእንጨት ሳጥን። እሷንም ቢሆን ሳጥኑ ያከብራታል፤ ልትነሳ ስትል ምስማሩ ቀሚሷን ይዞ «ተቀመጪ እንጂ፣ ወዴት ነሽ» ይላታል።

እና ባለመኪናዋ ሴትዮ አንድ ቀን መጥታ «ልጄን ልድር ነው፣ መኪናውን ልሸጠው ነው። ትገዢኛለሽ ወይስ ልውሰደው?» አለቻት። እስከ ወሩ መጨረሻም ጊዜ ሰጠቻት። መኪናው ከሄደ ሥራው አብሮ ሄደ ማለት ነው። እንጀራዋ ነዋ። ሚስት ሆዬ እራት ላይ ለሰውዬው «ያንን ሂሳብ ዝጋውና በቀረችው መኪናውን እንግዛ። ምንም የማይከፈልበት ሂሳብ አለ አይደል? ቆሞ መሰለፍ ነው እንጂ ምን ይቀርብናል?» አለችው።

ምንም የማይከፈልበት… ለእንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ይባላል? እሱ ግን አልተቆጣም። ትዕግሥቱን ብታይ፣ በተለይ በሰው ችግር ላይ። «ይታሰብበታል» አለ። ቃሉንም ጠበቀ፣ አሰበበት። ማሰብ የሚመቸው ደግሞ ሶፋው ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ እየሄደ ያስብ ጀመር። ያስባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ጥበቃው የመሥሪያ ቤቱ ሰው መስሎት «ዛሬማ ዘገዩ፣ አለቃ አይቆጣም?» ብሎታል አሉ።

ወሩ ተገባደደ። ባለመኪናዋ ከነተሸካሚዋ መጥታ በሩ ያሳልፈው እንደሆነ መኪናውን ለክታ ሄደች። ይሄኔ ሚስቱ እናቷን አስጠራች። እናትየዋ እንዴት እንደሆነ የእኔን እናት ትመስላለች። ፊደል አትለይም፣ ባንክ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ለሽምግልና ግን ማን ብሏት። ሰውዬው ብልህ አይደል፣ «እናቴ፣ አይተው ይፍረዱ» አላት። «በአፍ ቢነገር አይገባም። ወስጄ ላሳይዎት። ሂሳቡ ቢዘጋ ምን እንደምናጣ በዓይንዎ ይዩት።»

እኔም… የልጅቱ ወንድም ማለቴ ነው፣ የእናቱን ዘንቢል ተሸክሞ ተከተለ። እንዲህ ያለውን ማን ቤት ቁጭ ብሎ ያሳልፋል?

ገቡልህ። በሩ ተከፈተ። ልጅቱ «እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ» ስትል እሳቸው ትከሻቸው… እሱ፣ እሱ ማለቴ ነው፣ ትከሻው በሩን ሞላው። እናትየው ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ተዋጠች፤ ሻሿ ብቻ ነው የቀረን። ከወዲያ ጫፍ የነበረ ሰው ሲነሳ ነው እንደ ቡሽ ብቅ ያለችው። ውሃውን ጠጣች። ብርጭቆውን አመስግና መለሰች። ከዚያ ሶፋውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፣ ጫን ጫን አለችው፣ ጎንበስ ብላ እግሩን ሁሉ መረመረች። እሱ ፊቱ በራ።

«አዩልኝ አይደል እናቴ?» አለ። «ይሄ ሁሉ እንግዲህ በየወሩ በምንከፍላት ትንሽ ነገር ነው። አሁን ይሄ ይቅር ይባላል?»

«መክፈል ከጀመርክ ቆየህ?» አለችው።

«ከተጋባን ጀምሮ ነው። አንድም ወር አላጓደልኩም» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ ሂሳቡን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ የምልህ መስሎሃል። አልተነፈስኩም፤ ስወለድ እንኳ እንዲህ ዝም አላልኩም። ሚስቱ ብትለምነው ያሰበበት፣ ጓደኞቹ ቢመክሩት ያሰበበት ሰው፣ በዚያው ሰዓት ከዚያው ሶፋ ብድግ ብሎ፣ የመስታወቱን በር ራሱ ከፍቶ ወጥቶ፣ ከተራው ሰልፍ ጭራ ቆሞ ነው ሂሳቡን ያስዘጋው። መኪናው ይኸው እህቴ ቤት… እሷ ቤት፣ ሲያንጎራጉር ይውላል። እዚያ ክፍል ተመለስ ብትለው ዛሬም እግሩን አያነሳም።

ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ስትስቅ እኮ ምላጩም አብሮህ ይስቃል። ጋዜጣውስ ተንቀጠቀጠ ልበል? በሩ ክፍት ነው፣ ነፋስ ይሆናል።

እና ምን አድርጋ ያስነሳችው ይመስልሃል? ክፉ ቃል አልወጣትም። እናት ናት፣ ከልቧ ነው የመረቀችው። ክፍሉ ሙሉ ነጋዴ እየሰማ፣ ልጅቱ ሁለተኛውን ብርጭቆ ይዛ እንደቆመች፣ እጆቿን ዘርግታ፦

«ተባረክ ልጄ። ለካ ለቤትህ የምታስብ ሰው ነህ። እኔ ደግሞ የልጄ ገንዘብ የት እየገባ ነው ብዬ አምቼህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ደህና ዕቃ ነው፣ እግሩም ጠንካራ ነው። አንድዬ ዕድሜ ይስጠኝና፣ ዋጋውን ከፍለህ ጨርሰህ ሶፋህን ቤትህ ስታስገባ ለማየት ያብቃኝ» አለችው።