ወንድሜ የተጻፈበት ዓምድ

ክቡራትና ክቡራን የአእምሮ ጤና አማካሪ ቦርድ አባላት፣ ክብርት ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ሌምፒ ሃርዩ፣

ስለ ሽኝቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ድንችና ሥጋ የተጠቀለለበትን ይህን ፓስቲ ወይዘሮ ሃርዩ በእጃቸው ጋግረው ነው ያመጡት። በኬቸፕ ይበላ ወይስ በመረቅ በሚለው ሃያ ደቂቃ ስለተከራከራችሁ ቀዝቅዟል። በረቂቅ ሕጉ ላይ እንኳን እንዲህ ስትፋጠጡ አላየኋችሁም።

የቦርዱን የወጣት ወንበር ሳገኝ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በውድድር አሸነፍኩ ይባላል፤ ሌላ አመልካች አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ዳኛ ኩሴላ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"አያትሽን በደንብ አውቃቸዋለሁ" አሉ። "አንድ ጊዜ አስሬያቸዋለሁ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘመዴ ናቸው።

በዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ያለው "ወጣት" ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ስለ ጉልበት ሕመም የእኔን ያህል የሚያውቅ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ካለ አምጡልኝ። የክፍል ጓደኞቼ ማክሰኞ ማክሰኞ በረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወቱ እኔ ከእናንተ ጋር ቃለ ጉባኤ አጸድቅ ነበር። ለምን መጣሽ ብትሉኝ፣ ለሕዝብ አገልግሎት ብዬ አልዋሽም። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያው የከሰዓት ተረኛ ናት። ወንድሜ ሬይኖ ደግሞ ካቻምና በበረዶው ወራት ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣም ወደ እኛ አልተመለሰም። እዚህ ቢያንስ የምትጨቃጨቁ ሰዎች ነበራችሁ።

ከዚያ ረቂቅ ሕጉ መጣ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቤቱ እየኖረ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሕክምናውን እንዲከታተል የሚያደርግ ሕግ፤ ቤተሰብም ማመልከት ይችላል። እኔና እናቴ ደገፍነው። ሬይኖን በየካቲት ብርድ፣ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ በካልሲ ሲሄድ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አልደግፍ?

ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ስትጠሩ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ መደባችሁ። ሰዓቱን ለእኔ ሰጣችሁኝ፤ ሰዓቱ ሦስት ቁልፍ ነበረው፣ እናንተ ደግሞ በአንዱም ላይ አልተስማማችሁም። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ከደወሉ በኋላ የተባለ ነገር አይጻፍም። ዓሣ ነጋዴው ስለ ሕጉ ጀምሮ ስለ መንገድ ጉድጓድ ሲያወራ ደወልኩበት። አንዲት እናት እያለቀሱ ሳለ ደወልኩባቸው። ወይዘሮ ሃርዩ ጎንበስ ብለው "አንቺ ልጅ፣ አንጀት የለሽም እንዴ?" አሉኝ። እንደ ምርቃት ነው የቆጠርኩት።

ስልሳ ስምንተኛውና የመጨረሻው ተናጋሪ ሬይኖ ነበር።

እንደሚመጣ አልነገረኝም። ጢሙን ተላጭቶ የሟች አባታችንን ካፖርት ለብሷል። መድኃኒቱ ምላሱን ያከብድበታል። ውኃ ጠጣ። ስሙን ተናገረ። አርባ አንድ ቀን ሆስፒታል እንደቆየ፣ ነርሶቹ ደጎች እንደነበሩ ቀስ እያለ ተናገረ። ከዚያ ቀና አለና፣

"ሌላው ሰው ስለ እኔ ሲያወራ ብዙ ሰምቻለሁ" አለ። "እኔ ግን የምለው..."

ደወሉ ጮኸ።

ሁላችሁም ወደ እኔ ዞራችሁ። አንድ ደቂቃ ብጨምርለት ማን ይቆጣኝ ነበር? ግን ለወንድሟ አደላች እንዳትሉኝ ፈራሁ።

"ጊዜዎ አልቋል" አልኩት። በአንድ አልጋ ተኝተን ያደግነውን ወንድሜን አንቱ አልኩት።

"እሺ" ብሎ ወጣ።

በሳምንቱ አስተያየቶቹን በሦስት ዓምድ ስትለዩ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ፦ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ያልለየለት። ዓሣ ነጋዴው ያልለየለት ሆነ፤ በዚያ ማንም አልተከራከረም። የሬይኖ ስም ሲደርስ ዳኛ ኩሴላ፣ "ቤተሰቡ ደጋፊ ነው፤ ልጁም ጨዋ ነው፣ ነርሶቹን አመስግኗል" አሉ። በከተማችን ሰው የሚቆጠረው ከነቤቱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው፣ ምርጫም እንደዚያው። ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ፤ ደጋፊ ተብሎ ተጻፈ።

በክፉ አላደረጋችሁትም። እኔ ግን አውቄ ዝም አልኩ። ውጤቱ ሠላሳ አራት ለሠላሳ ሦስት ነበር፣ እኔም ማሸነፍ ፈልጌ ነበር።

ትናንት ስልክ ደወልኩለት። አምስት ወር ስልኬን ሳያነሳ ቆይቶ ትናንት አነሳው። ያን ዕለት ምን ልትል ነበር አልኩት።

"አሁን ምን ያደርግልሻል?"

"የአስተያየቶቹ ሰነድ ሰኞ ወደ ሕግ አውጪዎቹ ሳይላክ ላስጽፈው ነው።"

 

"ልታስጽፊው ነው ወይስ ልትሰሚኝ?"

 ይህን ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስለዚህ ስጦታ ልትሰጡኝ ካሰባችሁ ጥግ ላይ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁትን የግድግዳ ሰዓት ተዉትና አንድ ነገር አድርጉልኝ። የወንድሜን ስም ከደጋፊዎች ዓምድ አውጡት። ተቃዋሚም አትበሉት። "ተናግሮ አልጨረሰም" ብላችሁ ጻፉ። አዎ፣ ሠላሳ ሦስት ለሠላሳ ሦስት ይሆናል። ዳኛ ኩሴላ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፣ ለእርስዎ ነው የምናገረው። ሕጉን ዛሬም እደግፋለሁ፤ ድጋፌ ግን የእኔ ብቻ ነው፣ ለእሱ የማካፍለው አይደለም።

ቅዳሜ እሱ ወዳለበት ከተማ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በሩን ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ አላውቅም። ወረቀትና ብዕር አልይዝም።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ወይዘሮ ሃርዩ፣ እጅዎ ይባረክ። ዳኛ፣ እንቅልፍዎን አይንሳዎ፤ ስብሰባ ላይ ግን ይቀንስልዎት። ጉልበታችሁን ይጠግንላችሁ፣ ክረምቱን በሰላም ያሻግራችሁ። ወንበሬ ላይ የምትቀመጠውን ልጅ አታባርሯት፤ እሷም ቤቷ ማንም ላይኖር ይችላል።

ሁላችሁንም ሰሚ አያሳጣችሁ። ሬይኖንም።