የተገለበጠው ካናቴራ

ጭሮ ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ የታደለኝን ካናቴራ ለብሻለሁ፤ የሰጡኝን መፈክር ተሸክሜአለሁ። በደረቴ ላይ የተጻፈውን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ለራሴ ይህን ማመን ያሳፍረኛል፤ በተለይ በየቀኑ ተማሪዎቼን «አስተውላችሁ አንብቡ» እያልሁ የምቆጣ ሰው ስለሆንሁ። ጉድለቴን ያሳየችኝ አንዲት ሯጭ ናት።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለሥራ ሚኤሶ ወርጄ ስመለስ ከቦርደዴ የመጣ ሚኒባስ አገኘሁና ተሳፈርሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ጉልበቷ ላይ የስፖርት ቦርሳ፣ እግሯ ሥር ባዶ ቢጫ ጀሪካን ነበራት። ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጀሪካኑ ቁርጭምጭሚቴን ይመታኝ ስለነበር፣ በጨዋ ሰው ደንብ ቅሬታዬን ለመግለጽ ያህል፣ «ባዶ ጀሪካን ወደ ጭሮ ምን ያደርጋል?» አልኋት።

«ይቅርታ፣ አስቸገርሁዎት» አለችኝ። «ነገ እናቴ ሩጫዬን ለማየት ትመጣለች። ስትመለስ ሞልታ ትወስደዋለች። ሰፈራችን ያለው የውሃ ቦኖ ሞተሩ ከተቃጠለ ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። ሳይነጋ፣ ከፈጅር ሶላት በፊት ውሃ ፍለጋ ወጥታ ቀትር ላይ ነው የምትገባው።»

ሩጫ ስትል ነቃሁ። በማግስቱ በከተማችን የአሥር ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ነበር፤ እኔም የደረት ቁጥር ከሚያድሉት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ስሟን ጠይቄ ልጅቱ ዘይቱና መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። ቦርደዴ ተወልዳ፣ እዚሁ ጭሮ ተምራና ሠልጥና አዲስ አበባ በሚገኝ ክለብ በደመወዝ የምትሮጥ፣ የእኛ ሰው ስሟን ሲጠራ ደረቱን የሚነፋባት ናት። እኔ ስሟን እንጂ መልኳን አላውቅም ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ ጋሽ አምባውን አገኘናቸው። ጋሽ አምባው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ሠላሳ አራት ዓመት እዚሁ ኖረዋል። ዘይቱናን ከትምህርት ቤት ሜዳ መርጠው ለሩጫ ያበቋት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን በአውቶብስ የተላኩትን የውድድሩን ካናቴራዎች ተቀብለው፣ ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው ይወጡ ነበር። ዘይቱናን ሲያዩ ጆንያውን መሬት ጥለው አቀፏት። ከዚያም ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ይዘውን ገቡና ሻይ አዘው፣ ጆንያውን ፈትተው በልኳ የሚሆን አንድ ካናቴራ አወጡላት።

ዘይቱና ዘርግታ አየችው። ደረቱ ላይ በትላልቅ ፊደላት «ጥም ታሪክ ሆነ፤ ውሃ ለሁሉም ደረሰ!» የሚል ተጽፎበታል። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም በጥንቃቄ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይህን አልለብስም።»

«ጠቦሻል? ሌላ አለ።»

«አልጠበበኝም። ጽሑፉን ነው።»

ጋሽ አምባው ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ካናቴራውን ያልለበሰ ይሰረዛል ተብሎ በስብሰባ ተወስኗል። ይባስ ብሎ ለክለብሽ ደብዳቤ ይጻፋል። ውልሽ የሚያልቀው ሰኔ ላይ አይደል? ስፖርተኛ በሜዳ ላይ ፖለቲካ አይናገርም። ይህን ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ልናገር አላልሁም። አልለብስም ነው ያልሁት።»

«ያው ነው። ሁሉም ያይሻል፤ ሁሉም ይጠይቃል። አንቺ ሜዳውን የምታውቂው በጭብጨባው ነው። እኔ በድንጋዩም አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ እዚሁ ኳስ ስናጫውት አንድ አጥቂ ጎል አገባና ወደ ተመልካቹ ዞሮ በእጁ ምልክት አሳየ። ምልክቱ ምን እንደ ሆነ ግማሹ ሰው እንኳ አያውቅም ነበር። ድንጋይ ተወረወረ። በረኛችን መስዑድ አንድ ዓይኑን አጣ። ዛሬ በደሳ ከተማ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ሄጄ ሰላም ስለው በአንድ ዓይኑ ያየኛል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልችልም። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ አንድ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ልጅ የሚጮኸው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። እሱንም ልታሳጪን ነው?»

ይህ የፈሪ ሰው ክርክር አልነበረም። እኔም በልቤ ከሳቸው ጋር ቆምሁ። 

«የመስዑድን ነገር አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል» አለች ዘይቱና። «ሰውን ከሰው የሚያጋጭ ነገር ሜዳ ላይ ማምጣት ነውር ነው። ግን እኔ ማንን ሰደብሁ? ቃሉን ያመጣሁትስ እኔ ነኝ? በጆንያ ታስሮ በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው የመጣው።»

«ይኼ ፖለቲካ አይደለማ! የልማት መልእክት ነው።»

«እንግዲያው እኔ ‹ውሃ አልደረሰም› ብዬ ጽፌ ብለብስስ?»

«እሱ ፖለቲካ ነዋ!»

«ወላሂ ጋሼ፣ አልገባኝም። ደረሰ ሲባል ልማት፣ አልደረሰም ሲባል ፖለቲካ የሚሆነው እንዴት ነው?»

ጋሽ አምባው ጆንያውን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት። እኔም የሻይ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ባዶ ነበር፤ ቢሆንም እንደሚጠጣ ሰው ወደ አፌ አስጠጋሁት። 

«ሰው የሚያጨበጭብልሽ ለእግርሽ ነው» አሉ ጋሽ አምባው፣ አሁን ቆጣ ብለው። «ስለ ውሃ እንድትናገሪ ማን መረጠሽ?»

«ማንም አልመረጠኝም። ደርሷል ብዬ እንድመሰክርም የመረጠኝ የለም።»

«ክለብሽ ቢያባርርሽስ? ካንቺ በኋላ የሚመጡትን የቦርደዴ ልጆች ማን ይቀበላቸዋል?»

«ፈርቻለሁ፤ አልፈራሁም ብልዎት ውሸት ነው» አለች። «ከሩጫ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ግን ነገ እናቴ ትመጣለች። ስሮጥ አይታኝ አታውቅም። ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ደረትሽ ላይ ምን ተጽፏል ብላ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? ለእርስዎ እታዘዛለሁ፤ እንደ አባቴ ነዎት። ምን እንደምላት ይንገሩኝና እለብሰዋለሁ።»

የጋሽ አምባው ፊት እንደዚያ ሲለወጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከመንገዱ ማዶ ጫት የጫነ መኪና ጥሩምባውን እያምባረቀ አለፈ፤ እሳቸው ግን የሰሙት አይመስሉም ነበር።

«በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርሁ» ብለው ጀመሩ። «ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስፖርተኞች ተመርጠን ሮጠን አለፍን። ደረታችን ላይ ‹ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን› ይል ነበር። ያኔ አገሬ ራያ ቆቦ ዝናብ ካየ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከኔ ጋር ለሚሮጡት አልናገር እንጂ ወሬው ደርሶኝ ነበር። ስፖርተኛ ነኝ፤ ምን አገባኝ ብዬ ሮጥሁ። በዚያው ዓመት አባቴና ሁለት እኅቶቼ አለቁ። እናቴ በእርዳታ መኪና ተርፋ ክፍሌ ስትደርስ ካናቴራው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያማረ ልብስ ነው፤ ምን ይላል? አለችኝ። የክበባችን ስም ነው አልኋት።»

ጣታቸውን በታጠፈው ካናቴራ ፊደላት ላይ አሳለፉ። 

«እንደዚያ ብዬ ዋሸኋት። እስክትሞትም አልነገርኋት» አሉ በመጨረሻ። «እና አንቺን ዋሺ ልበልሽ?»

እኔ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ የነበረውን የውድድር ደንብ አውጥቼ አነበብሁ። ደንቡ የሚለው የታደለው ካናቴራ ይለበስ፣ ቁጥሩም ደረት ላይ ይታይ ነው። በየትኛው ፊቱ ይለበስ የሚል የለበትም። ይህን ስነግራቸው ጋሽ አምባው ካናቴራውን ከጠረጴዛው አንስተው፣ እጃቸውን በአንገቱ አስገብተው ቀስ አድርገው ገለበጡት።

«በተንኮል ግን አይሆንም» አሉ። «ሲጠይቁሽ ምክንያትሽን በግልጽ ተናገሪ። ያየሽውን ብቻ፣ በራስሽ ስም ብቻ። አንዱን ወገን በሌላው ላይ የሚያስነሳ ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ፤ ይህን ቃል ግቢልኝ። መስዑድን አስቢ።»

«ኢንሻአላህ፣ ቃል ገብቻለሁ» አለች።

በማግስቱ ጧት ከተማው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር። ዘይቱና ከሯጮቹ መካከል ቆማለች፤ ተገልብጦ ነጭ ሆኖ በሚታየው ካናቴራዋ ላይ ቁጥሯ ብቻ ነበረ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ሩጫውን የሚያስነሱት ጋሽ አምባው ባንዲራቸውን ይዘው ሲመጡ የእሳቸውም ካናቴራ ተገልብጦ፣ ስፌቱና አንገቱ ላይ ያለው የልክ ምልክት ውጭ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሽ አምባው፣ ካናቴራዎን ገልብጠው ለብሰዋል» አላቸው። «አውቄ ነው» አሉትና ባንዲራውን ዝቅ አድርገው ሩጫውን አስጀመሩ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥግ ፈልጌ የራሴን የገለበጥሁት ሯጮቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ዘይቱና አንደኛ ወጣች። ጋዜጠኛ ማይክራፎን ሲደቅንባት፣ «የሰፈሬ ቦኖ ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ አልሠራም። ስለዚህ የተጻፈውን መልበስ አልቻልሁም። የሌላውን ሰፈር አላውቅም» ብላ ብቻ ተናገረች። አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። ካናቴራውን ከለበሱት አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ደረት ያነቡ ጀመር።

ዋጋ አልተከፈለበትም አልልም። ዋንጫዋ መድረክ ላይ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ በቢሮ ተሰጣት። ክለቧ ማስጠንቀቂያ ጻፈላት፤ ውሏን ግን አደሰላት። ጋሽ አምባውን ከዚያ ወዲህ ለአስነሺነት የጠራቸው የለም። በሌላ በኩል በሦስተኛው ወር ቦርደዴ ጠጋኞች መጥተው የቦኖው ሞተር ተሠራ፤ ከሦስቱ ቧንቧዎች ሁለቱ ይፈስሳሉ። የዘንድሮው ካናቴራ ላይም የከተማው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው የተጻፈው። ሜዳው የሁሉም እንዲሆን ከፈለግን ስፖርተኛውን ዝም በል ከማለታችን በፊት የራሳችንን መፈክር ከደረቱ ላይ ማንሳት ይገባናል። ስፖርተኛም ሰው ነውና ያየውን በጨዋነት ቢናገር ጥላቻ እስካልጨመረበት ድረስ ጨዋታው አይበላሽም። የተሳሳተው ይታረማል፤ የተረሳው ይታወሳል፤ ከኋላ የሚመጡት ልጆችም ማሸነፍና መዋሸት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይማራሉ።

ይህን ሁሉ ግን በኋላ አስቤ ያገኘሁት ነው። ያን ቀን ልቤን የነካው የዘይቱና እናት የእማማ ፋጤ ቃል ነው። ሩጫው ካለቀ በኋላ ልጃቸውን አቅፈው ላቧን በሻሻቸው ጠረጉላት። ከዚያም የካናቴራውን ስፌት እየነኩ፣ ለምን ገልብጣ እንደለበሰች በኦሮምኛ ጠየቋት። ዘይቱናም ከውስጥ የተጻፈውን አንድም ሳታስቀር አነበበችላቸው። ጋሽ አምባውና እኔ ከጎናቸው ቆመን ነበር።

እማማ ፋጤ ጥቂት አሰቡና፣ «እንኳን ገለበጥሽው» አሏት። «ይህን ለብሰሽ ብታልፊና ብታነቢልኝ፣ ለሁሉም ደርሶ እኔ ብቻ የቀረሁ መስሎኝ አፍሬ ቤቴ እገባ ነበር።»

ጋሽ አምባው ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉና ከእማማ ፋጤ እጅ ቢጫውን ጀሪካን ተቀበሉ። ቤታቸው ወስደው ከራሳቸው ቧንቧ ሞሉት፤ ካናቴራቸው እንደተገለበጠ፣ ትናንት ጆንያውን በተሸከሙበት ትከሻ ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ አደረሱላቸው።